ጢስ፣ ቅቤና ቀንድ፦ የምዕራብ ወሎ ደጋ የመዓዛ ሙያ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ጋቢው ሸማኔ፣ ማረሻው ቀጥቃጭ፣ ጠፍሩና አጎዛው ፋቂ፣ ጀበናውና ጋኑ ሸክላ ሠሪ ነበረው። ሽቶ ግን ባለሙያዬ የሚለው ሰው አልነበረውም። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ከወግዲ እስከ ከላላ በእግሩ የሚያቋርጥ የድሮ ነጋዴ ሽቶ የሚቀመምበትን ቤት ቢጠይቅ የትኛውንም በር ቢያንኳኳ አይሳሳትም ነበር። ሙያው ያለው በየጓዳው ነበርና።

በታሪክ መጻሕፍታችን ገጽ ያልደረሰውም ለዚሁ ይመስላል። የአገር ጎብኚዎችና የነገሥታት ጸሐፊዎች ዓይን የሚያርፈው ገበያ በወጣው፣ ቀረጥ በተከፈለበትና በአጋሰስ በተጫነው ላይ ነው። ዝባድ ተመዝግቧል፤ እጣን ተመዝግቧል። አንዲት የቦረና ሴት አደስ ወቅጣ ከለጋ ቅቤ ጋር የለወሰችው ግን ሚዛን ላይ ስላልወጣ ማንም አልጻፈውም። ስለዚህ የዚህን አገር የመዓዛ ታሪክ የሚፈልግ ሰው የሴቶቹን ጓዳና የሲራራ ነጋዴውን መንገድ አንድ ላይ መመልከት ይኖርበታል።

መጀመሪያ መሬቱ። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብ በኩል አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሰሜን በሽሎ ሳይንትን ከጎንደር ምድር ይለያል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የደንቆሮ ጫካ አለ። ጫካው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ መኖሩን የአገሩ ሰው ከአባት ከአያቱ እንደሰማው ይናገራል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። በላዩ አስታና ጅብራ፣ ዝቅ ሲሉ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ይገኛል። በደጋው ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት የሚሳበው ጦስኝ በእግር ሲረገጥ ይሸታል። ከዚህ አናት ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ትቶ ሎሚ ወደሚበቅልበት፣ ወይባና የእጣን ዛፍ ወደሚቆምበት ቆላ ይደርሳል።

የመዓዛው ሥራ በዚህ የደጋና የቆላ ልውውጥ ላይ የቆመ ነው። ደጋው ቅቤ፣ ጦስኝ፣ አሪቲና ጽድ አለው። ቆላው የወይባ እንጨት፣ ሎሚና እጣን ይሰጣል። በዚህ ላይ ከሩቅ የሚመጣው ይጨመራል፦ ከርቤ፣ ሰንደል፣ ብርጉድ፣ ቅርንፉድ። ዝባድም አለ፤ እሱ ግን የራሱ ታሪክ ስላለው ቆይተን እንመለስበታለን።

ከሁሉ የሚቀድመው ቅቤ ነው። የደጋ ሴት ጸጉሯን የምትቀባው ቅቤ ዝም ብሎ ቅቤ አልነበረም። አደስ ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያ ከለጋ ቅቤ ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። አንዳንዷ አሪቲ ትጨምራለች፤ ሌላዋ ጠጅ ሳር። ልኩ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ በመሆኑ የአንዱ ቤት ቅቤ ከሌላው አይመሳሰልም። በሹሩባው ላይ የተቀመጠው ቅቤ የቀኑ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ እያለ ይቀልጣል፤ ሽታውም አብሮት ቀስ እያለ ይወጣል። ጠዋት የተቀባች ሴት ማታም ትሸታለች።

ይህን አሠራር በዓለም ዝነኛ ከሆነው የሽቶ ከተማ አሠራር ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው ግራስ የታወቀችው መጀመሪያ በቆዳ ነበር። ፋቂዎቿ የጓንት ቆዳ ሽታ ገዢ እያሸሸባቸው በአበባ ማሸተት ጀመሩ፤ ውሎ አድሮ ሽቶው ቆዳውን አስረሳው። እንደ ጃስሚን ያለ ሙቀት የማይችል አበባ ሲያጋጥማቸው የተጣራ የከብትና የአሳማ ስብ በመስታወት ላይ ይቀቡና አበባውን ይነሰንሱበታል። በየቀኑ የደከመው አበባ ተለቅሞ አዲስ ይተካል፤ ለሳምንታት እንዲህ ሲደረግ ስቡ ሽታውን ይጠጣል። በመጨረሻ ስቡ በአልኮል ይታጠብና መዓዛው ለብቻው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የግራስን የሽቶ ሙያ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ስብ መዓዛ ይይዛል የሚለውን ግን የቦረና ሴት ከግራስ አልተማረችውም። የእሷ ሥራ አንድ ደረጃ ብቻ ይጎድለዋል፦ ቅቤውን በአልኮል አታጥበውም፤ ቅቤውም ሽቶውም አንድ ላይ ራሷ ላይ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አልኮሉም ሆነ ማውጫው በአገሩ አልጠፋም። አረቄ የምታወጣ ሴት ማሰሮ ትጥዳለች፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ወደተነከረው ዕቃ ይወርድና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በሌላ አገር ከጽጌረዳ ውኃውን፣ ከቅጠል ዘይቱን የሚያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው። በወሎ ደጋ ግን መቃው ለአረቄ ብቻ ቀረ። ለምን ቢባል፣ ቅቤና ጢስ ጉዳዩን ጨርሰውት ስለነበር ሌላ መንገድ የሚያስፈልግ አልመሰለም ማለቱ ከሁሉ የቀረበ መልስ ይመስላል። በደረቅና ቀዝቃዛ ደጋ ላይ የጸጉርና የቆዳ ድርቀት የሚያስቸግራት ሴት ተንኖ ከሚጠፋ ፈሳሽ ይልቅ ቅቤ ብትመርጥ አያስደንቅም።

ጢስ ደግሞ የቤቱን ሁሉ ሽታ የሚገዛው ነው። የእርጎው ቅል በወይራ ይታጠናል፤ የጠላው ጋን በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ለሚጠራቀመው ወተትም ለሚጠመቀው ጠላም ጣዕም ይሰጣል። ስለዚህ ቅቤው ገና አደስ ሳይነካው የወይራ ጢስ ሽታ ይዞ ነው የሚወጣው። ንብ የሚያረባ ሰው እንኳ አዲስ ቀፎ ሲሰቅል መንጋው እንዲገባለት ጥሩ ሽታ ባላቸው ቅጠሎች ያጥነዋል። ለቤት የሚታጠነውም ብዙ ነው። የቀበርቾ ሥር ለአራስ ቤትና ለመጥፎ መንፈስ፣ ወገርት ለሕመም፣ እጣን ለቡና። ከቡናው ጋር የሚጨሰውን እያንዳንዷ የቤት እመቤት በራሷ ልክ ትደባልቃለች፤ ነጭ እጣኑ ሲበዛ ሽታው ይቀላል፣ ከርቤው ሲበዛ ይከብዳል።

ወይባ ግን ከሁሉ ይለያል። የወሎ ሴቶች የሚታወቁበት ጢስ ይህ ነው። በጎጆው ጥግ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይደረግበትና የወይባ እንጨት ይጨመርበታል። ሴቲቱ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ በላይ ትቀመጣለች፣ በቡሉኮ ወይም በወፍራም ጋቢ እስከ አንገቷ ትሸፈናለች። ላቧ እየወረደ ጢሱ ገላዋ ውስጥ ይገባል። ለሙሽራ ከሠርጉ በፊት፣ ለአራስ ከወለደች በኋላ፣ ለቀናት ይደጋገማል። ቆዳው መልኩን ይለውጣል፣ ወደ ቢጫነትና ወደ ቀይነት ያደላል፤ በኋላ ታሽቶ ሲነሣ ገላው የለሰለሰና ጢስ ጢስ የሚል ይሆናል። ሽታው በልብስና በመኝታ ለብዙ ቀን ይቆያል። ከግራስ የመጣ ቀማሚ ቢያየው ሙቀት ቆዳውን እንደሚያለሰልስ፣ ቅቤው የጢሱን ዘይት እንደሚይዝ ወዲያው ይገባው ነበር። ሁለቱ የአገሩ ዘዴዎች፣ ቅቤና ጢስ፣ አንድ ገላ ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው።

ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ሽታው ሕግ አለው። ይህ አገር ቤተ አማራ ይባል በነበረ ጊዜ ነገሥታት ታላላቅ ገዳማትና አድባራት የተከሉበት ነው። ተድባበ ማርያም በሳይንት ምድር እስካሁን አለች። እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠርተው የቀደሙ ነገሥታት ዐፅም እንዲያርፍባት አድርገዋል፤ በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለች። በእነዚህ አድባራት ዕለት ዕለት ሻኩራ ባለው ጽና የሚወጣው ጢስ የቆላውን የእጣን ዛፍና የደጋውን መቅደስ የሚያገናኝ ክር ነበር።

ቄሶቹ የሚያነቡት ኦሪት ደግሞ ራሱ የቅመማ ትምህርት አለበት። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 ለቅብዐት የተሰጠው ልክ ከርቤ 500 ሰቅል፣ ቀረፋ 250፣ ጠጅ ሳር 250፣ ብርጉድ 500 እና አንድ ኢን የወይራ ዘይት ነው። በምዕራፉ መጨረሻ ለመቅደሱ ጢስ የተቀመመውን ለገዛ ራሱ ሊያሸት የሠራ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ እንዲጠፋ ተደንግጓል። የወሎ ደጋ ሰው ይህን ሲሰማ አድጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ለቡናው እጣን ማጨሱን አልተወም። የመቅደሱ ለመቅደስ፣ የቤቱ ለቤት ሆኖ ኖሯል።

የወሎን የመዓዛ ታሪክ በክርስቲያኑ በኩል ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተዋል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወረሂመኖ ኢማሞች በዚህ ደጋ ላይ በገነኑበት ጊዜ እስልምናው በነጋዴዎችና በሼኾች አማካይነት ሥር ሰድዷል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት ሼኾቹ ያቋቋሟቸው የትምህርትና የዝያራ ማዕከሎች ምን ያህል ሰው ይስቡ እንደነበር ዘርዝሯል። በሼኽ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው ጃማ ንጉሥ ከታወቁት አንዱ ነው። በወዳጃው፣ ማለትም በጋራ ዱዓው ላይ፣ ጫት ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን፣ አድሩስና ሰንደል ይጨሳል፤ ዱዓው ሲደረግ ጢሱ አይቋረጥም። ሰንደሉ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ስለሚመጣ ከጸሎት ጋር የንግድም ምልክት ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በሚኖርበት በዚህ አገር የአንዱ ቤት እጣን በሌላው ቤት እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ዝባድ። ከኢትዮጵያ ወጥቶ የዓለምን ሽቶ የለወጠ አንድ ነገር ቢጠራ ይህ ነው፤ ከጥርኝ ጅራት ሥር ካለ ዕጢ የሚፋቅ፣ ለብቻው ሲሸት የሚከረፋ፣ በጥቂቱ ሲደባለቅ ግን ሌላውን መዓዛ የሚያከብድና የሚያቆይ ቅባት። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ በእንፍራዝ ያየውን ጽፏል። ሙስሊም ነጋዴዎች ጥርኝ ያረባሉ፤ አንዳንዱ እስከ 300 ይደርስለታል። በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ ሥጋ፣ በሌላው ቀን ከወተት የተሠራ ገንፎ ይመገባሉ፤ በየሳምንቱ ቅባቱ ተፍቆ በበሬ ቀንድ ውስጥ ይደረግና አፉ ይደፈናል። ቀንዱ ለዘመናት የዝባድ ዕቃ ሆኖ ቀጠለ።

ዋናው ምንጭ ግን ደቡብ ምዕራብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 በሊሙ እናርያ የነገሡት አባ ባጊቦ ገበያቸው ሳቃ ላይ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይሰበሰብ ነበር። ሲራራው ከዚያ ተነሥቶ የጊቤን አገር አልፎ ዓባይን ይሻገራል፣ በጎጃም ባሶ ገበያ ያርፋል፣ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል። ሌላው መንገድ በሸዋ ዞሮ ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ይሄዳል። የወሎ ደጋ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የተቀመጠ በመሆኑ ከዓባይ ማዶም ከሸዋም የሚመጣ ነጋዴ ይደርሰው ነበር። ለደጋ ሴቶች የሚደርሰው ዝባድ ግን በጥፍር የሚለካ ነው። ከቅቤ ጋር ተለውሶ ጸጉር ይነካል፣ ለሕመምም ይፈለጋል። ወደ ውጭ የሚሄደውን ቀንድ ሚዛን ለማክበድ አንዳንድ ነጋዴ ቅቤና ማር ይቀላቅልበት እንደነበር ደግሞ የፈረንጅ ገዢዎች ሁልጊዜ ያማርሩ ነበር። ገበያው ቅቤን ማጭበርበሪያ አደረገው፤ ጓዳው ግን ቁም ነገሩን ከቅቤው ጋር ነው የሠራው።

የዝባድ የኋላ ታሪክ አላማረም። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባዱን ዋና ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አወቃቀር አወቀ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ውህዶች ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ ሽታውን በቤተ ሙከራ መሥራት ይቻል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ አንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ጥርኞቹ በጠባብ የእንጨት ጎጆ፣ በጨለማና በሙቀት ውስጥ ታስረው እንደሚኖሩ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። የሽቶ ድርጅቱ ሻኔል ከ1998 ጀምሮ ዝባዱን በሰው ሠራሽ መተካቱን ገልጿል። በዚህ በኩል ፍርዱ ግልጽ ነው፦ እንስሳው የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር፤ ቀንዱ ባዶ ቢቀርም የሚያስቆጭ አይሆንም።

የሲራራው ሌላ ስጦታ ቅርንፉድ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች መጥቶ በወደብ የገባው ቅርንፉድ በወሎ ሴቶች አንገት ላይ ሐብል ሆነ። እምቡጡ በውኃ ረጥቦ በክር ይሰካና ከዛጎል ወይም ከብር ጌጥ ጋር ይንጠለጠላል፤ የገላ ሙቀት ሲያገኘው ይሸታል። በጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ የሚወረውረው ሎሚም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሎሚው ሲፈነከት ሽታው መልእክቱን ያደርሳል። በበዓል ቀን አሪቲና ጠጅ ሳር ከለምለም ሣር ጋር ቤቱ ውስጥ ሲጎዘጎዝ እንግዳው እየረገጠ ያሸተዋል። ጠርሙስ የሌለው ሽቶ እንዲህ በየአጋጣሚው ይወጣ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። በአዲስ አበባ የውበት ቤቶች የወይባና የቦለቅያ ጢስ በሰዓት የሚሸጥ አገልግሎት ሆኗል። በጎጆ ጥግ ይሠራ የነበረው ገላን የማጠን ሥራ ዋጋ ወጥቶለታል፤ ሙያውን ያቆዩት የወሎ እናቶች ስም ግን በማስታወቂያው ላይ «የወሎ» ከሚለው ቃል አያልፍም። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ከሣርና ከቅጠል ዘይት የማውጣት ምርምር ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል። ስለዚህ አሪቲን፣ ጦስኝን ወይም ጠጅ ሳርን በእንፋሎት አንጥሮ ትንሽ የሽቶ ሥራ መጀመር ለመካነ ሰላም ወጣት የማይደረስበት ነገር አይደለም። የአረቄው መቃ ለሌላ ሥራ የሚታጭበት ጊዜ ደርሷል ማለት ይቻላል።

ጥሬ ዕቃው ግን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ የእጣን ዛፎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ሥፍራ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ችግኝ እንዳልበቀለ አግኝተዋል። እሳት፣ የከብት ግጦሽ፣ ነቀዝና ከልክ ያለፈ ፍቆታ ምክንያቶቹ ናቸው፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የእጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ገምተዋል። የወይባ እንጨትም ለጢስ በተፈለገ ቁጥር ከቆላው ይቆረጣል። ፓርኩ የደንቆሮን ጫካ ይጠብቃል፤ ቆላውን ግን ማን ይጠብቃል?

ከሁሉ የሚያሰጋው የልኩ መጥፋት ነው። ዛፉ ሊተከል ይችላል፤ አደሱ ስንት እፍኝ፣ ቅቤው ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ከርቤው ከእጣኑ ስንት እጅ እንደሚሆን የምታውቀው አሮጊት ግን አትተካም። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች እናቶችን እያስቀመጠ ይህን ቢመዘግብ፣ የቅጠሉን ናሙና ከነአገር ስሙ ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ ከየትኛውም ተቋም ይልቅ ቅርቡ እሱ ነው። የቦረና፣ የሳይንት ወይም የከላላ ልጅ የሆነ አንባቢም ዩኒቨርሲቲውን መጠበቅ የለበትም። አያቱ በሕይወት ካሉ በሚቀጥለው በዓል ደብተርና እርሳስ ይዞ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ ሲለውሱ ይመልከት፣ እፍኙን በሚዛን ይለካ፣ የመንደሩንና የእሳቸውን ስም ከላይ ይጻፍ።